ቢጫ ባርኔጣ ያደረጉ እንግዶች

በእኛ ከተማ ሰው በበር ስላለፈ ብቻ ገባ አይባልም። ተቀባዩ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊለው ይገባል። እስኪለው ድረስ ያ ሰው የለም። ቢያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው አያገኝም፤ ውሃ ቢለምን የሚሰማው የለም፤ መንገድ ላይ የተጋጨው ሰው «ዛሬ ነፋሱ ብሶበታል» ብሎ ያልፈዋል። አንዴ ከተባለ በኋላ ግን የከተማው ሰው ነው፤ ወንበር ይለቀቅለታል፣ እራት ይቀርብለታል፣ ክርክር ካለም ይመሰክራል። የተቀበሉትን ሰው ዞሮ «የለህም» ማለት እንግዳ መካድ ይባላል፤ ከዚያ የከፋ ወንጀል የለንም። ሌባ እንኳ ሲያዝ «ሰረቅኩ እንጂ እንግዳ አልካድኩም!» ብሎ ይፎክራል። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። የእነሱንም አገር ሕግ ሰምቼዋለሁ።

ተቀባዩ ባሌ ነው፤ ባይለየኝ ይባላል። እኔ ስንዱ ነኝ። «የተቀባዩ ሚስት» ሲሉኝ ደስ አይለኝም፤ ስም አለኝ።

ባይለየኝ እዚያ በር ላይ ቆሞ ነው ያረጀው። የማስታወሱ ነገር አይነሳ! ድሮ አንዴ ብቻ ያለፈን ነጋዴ ስሙን ከነአባቱ፣ የበቅሎውን መልክ ሳይቀር ይነግራችኋል። በተጋባን ሰሞን ጨው ያበዛሁበትን ወጥ እስከ ዛሬ ያነሳል፤ እሱን እንኳ ቢረሳው ባልከፋኝ። ይህን የማወራው ያለ ነገር አይደለም። በከተማችን የእርጅና በሽታ ማለት መርሳት ብቻ ነው፤ የረሳ ታሟል፣ ያልረሳ ደህና ነው። ስለዚህ ባሌ ዓይኔ እያየ ሲታመም እኔ ጤንነቱን የምለካው በዚያ ጨው ነበር።

መጀመሪያ የተለወጠው እንቅልፉ ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ይራገጣል፣ ይጮኻል፣ በሕልሙ የመጣበትን ጅብ በቡጢ ያቀምሰዋል። ጅቡ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዓይኔ አብጦ አደባባይ ብወጣ ሴቱ ሁሉ ከንፈር መጠጠልኝ። «ኧረ ተኝቶ ነው የመታኝ» ብላቸው «አይ ስንዱ፣ ዛሬም ትሸፍንለታለች» አሉኝ።

ቀጥሎ እርምጃው አጠረ። እግሩን ከመሬት ሳያነሳ ይጎትታል። ፊቱም ፈዘዘ፤ ቀልድ ሲነገረው ይገባዋል፣ ፊቱ ግን አይስቅም። ከተማው ይህን አይቶ «ተቀባያችን አሁን ገና ክብር ገባው፤ አረማመዱን አያችሁልን?» ብሎ ተደነቀ። ብዙም ሳይቆይ ሹም ነኝ ያለ ሁሉ እግሩን መጎተት ጀመረ፤ የጫማ ሰፊዎች ገበያ ደራ። ወጥ አርሮ ለጎረቤት ሲሸት እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አይሸተውም። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ ብሎ ከጠረጴዛው ጎን አየር ላይ ያስቀምጠዋል። በርጩማ ላይ ሲቀመጥ በርጩማውን ይስተዋል። ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም! ዛሬ እንደ ምላጭ ነው፤ ነገ ማንኪያ እንደያዘ ፈዝዞ ይቀራል። እኔም በንዴት «ይሄ ሰውዬ ሆን ብሎ ነው፤ ሲያሰኘው ይሰማል» እያልኩ እነጫነጭ ነበር።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ ባይለየኝ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ለባዶው ሜዳ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆች! ግቡ፣ ግቡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ» ይላል። አጠገቡ የሰላምታ አዛዡ ደረሰህ ቆሟል። የሰላምታ አዛዥ ማለት ተቀባዩ ለተቀበለው ሰው ቤት የሚመድብ ሹም ነው። ራሱ ማንንም መቀበል አይችልም፣ ማንንም መከልከል አይችልም፤ ስለዚህ በጣም ይጮኻል። የዚያን ቀን ግን አልጮኸም። ሜዳውን አየ። ባሌን አየ። እንደገና ሜዳውን አየ።

«ስንት ናቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አታያቸውም እንዴ?» አለው ባይለየኝ። «ቢጫ ባርኔጣ ያደረጉት ናቸዋ! ሲያዩአቸው ትንንሾች ናቸው እንጂ ጨዋዎች ናቸው።»

ደረሰህን ላብ አጠመቀው። አላይም ቢል እንግዳ መካድ ነው። «ኧረ አያለሁ! ባርኔጣቸው እኮ ነው ዓይኔን የወጋኝ» አለና ወደ ባዶው ዞሮ እጅ ነሳ።

በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሊያያቸው ተሰለፈ፤ ሁሉም አየ። አንዷ «ረጅሙ ቁርጥ ወንድሜን!» ብላ አለቀሰች። አደባባዩ ላይ ያለው ባለ ሰገነት ቤት ተሰጣቸው። ሰው ሁሉ እነሱን እራት ለመጋበዝ ተሻማ፤ አይጨርሱም፣ አይሰክሩም፣ የባለቤቲቱን ወጥ አያሙም፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል? ሽማግሌዎች ባዶ አግዳሚ ላይ አረፍ ሊሉ ሲሉ «አባባ፣ ሰው ላይ!» ተብሎ ይጮኽባቸዋል፤ ቆመው ይውላሉ። አንድ የድንበር ክርክር ላይ ለምስክርነት ተጠርተው ዝም ስላሉ፣ ዳኛው ዝምታ እሺታ ነው ብሎ ለሁለቱም ተከራካሪዎች ፈረደ። በመጨረሻ በምክር ቤቱ ወንበር ተሰጣቸው። ማንኛውም ሐሳብ ሲቀርብ ስለማይቃወሙ ደረሰህ ስንት ጊዜ የወደቀበትን ሐሳብ አሳለፈ፤ የቤቱ በር ከከተማው በር እኩል እንዲከበርለት ተወሰነ።

አንድ ጠዋት ባይለየኝ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ጠራኝ። ዓይኑ ጥርት ብሏል፤ የድሮው ባይለየኝ ነው።

«ስንዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እነዚያ ልጆች አሉ?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተው አይደለህ የተቀበልካቸው?»

«እሱን አውቃለሁ። የምጠይቅሽ መኖራቸውን ነው። አንቺን እንደማይሽ ነው የማያቸው፤ የጫማቸው ማሰሪያ ሳይቀር ይታየኛል። ግን ዝናብ ሲመታቸው አይርሱም። ሲሮጡ አቧራ አይነሳም። ዕድሜ ልኬን ሰው ስቀበል የኖርኩ ነኝ፤ አቧራ የሌለው እንግዳ አይቼ አላውቅም።»

በሩን ዘጋሁ። መስኮቱንም ዘጋሁ። ከዚያ ጆሮው ሥር ተጠግቼ «የሉም» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«እንግዲያው አሞኛል» አለ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌው ሁሉ ለባዶ ወንበር ቆሞ አይውልም።»

«በሞቴ ተው! እንግዳ ካድክ ይሉሃል!»

«የምክደው የራሴን እንግዳ፤ እነሱ ምን አገባቸው?»

ደረቅ ነው፤ ሲያገባኝም ደረቅ ነበር። እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ እኔም ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኩት።

እንግዳ የካደ ሰው አይታሰርም፣ አይገረፍም። ሰላምታ ይነፈጋል። ማንም አያየውም፣ ማንም አይመልስለትም፤ ሚስቱ ብትሆንም። አንድ ሸክላ ሠሪ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመነ፣ ከዚያ ገበያ መሐል ቆሞ የገዛ ስሙን ይጣራ ጀመር፤ በመጨረሻ በሩን አልፎ ሄደ። እሱ ጤነኛ ነበር። የእኔ ባል ግን ዓይኑን ማመን ያቃተው ሽማግሌ ነው፤ ሰው ካልመለሰለት የሚቀሩት ቢጫ ባርኔጣዎቹ ብቻ ናቸው።

ምክር ቤት ፊት ቆሞ «የተቀበልኳቸው ልጆች የሉም፤ ታምሜ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ሲል ደረሰህ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች እየጠቆመ «ኧረ ልጆቹ እየሰሙ ነው!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ ለፍርድ ተቀጠረ። ከሰዓት በኋላ ባይለየኝ እንደገና ፈዘዘ፤ በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን «ምሳ በላችሁ?» አላቸው። ከተማው «ተፀፀተ!» ብሎ እልል አለ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የሉም አለ። ይሄኔ «ጠዋት ይክዳል፣ ከሰዓት ያምናል፤ ሊጫወትብን ነው!» ብለው ተቆጡ።

ደረሰህ ርኅራኄ ያሳየ መስሎት የከተማውን ማረጋጊያ ሽሮፕ ላከልን። «ይጠጣና ይረጋጋ፤ ፍርዱንም ተረጋግቶ ይሰማል።» አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። ተረጋጋላችሁ! ሰውነቱ ግትር አለ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው፣ ብወዘውዘው አይነቃም። ደረሰህ መጥቶ አየውና «አያችሁ፣ ሠራለት» አለ። ጠርሙሱን ወርውሬ ከደጅ ሰበርኩት፤ ለጥቂት ነው የደረሰህን ጭንቅላት የሳተው። ባይለየኝ እንደምንም ነቃ። በዚያው ሳምንት ጨው የሚያመላልሰውን ወንድሜን ከቆላው አገር ሐኪም እንዲያመጣልኝ ለመንኩት።

የመጣችው ሐኪም እቴነሽ ትባላለች። በሩ ላይ ስትደርስ ባይለየኝ ከፈዘዘባቸው ቀኖች አንዱ ነበር፤ በእሷ አሻግሮ ሜዳውን አየ እንጂ ምንም አላላትም። ስለዚህ ሐኪሟ አልመጣችም። ቦርሳዋን ይዛ መንገድ መሐል ቆማ ሰላምታ ስትሰጥ ሰው በግራና በቀኝ ያልፋታል። ክንዷን ይዤ ቤቴ አስገባኋት። ጎረቤቶቼም «ስንዱ ከነፋስ ጋር ማውራት ጀመረች፤ ምስኪን!» ተባባሉ። ይህን የሚባባሉት ባለ ባርኔጣዎቹን ሰላም እያሉ ነው።

ሐኪሟ ስለ እንቅልፉ ጠየቀች። ስለ ማሽተቱ ጠየቀች። ክንዱን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ አስነስታ አስሄደችው። ቤት ሣልልኝ ስትለው በሩን ከቤቱ ውጪ ሣለው። «በሩ ምነው ውጪ ቀረ?» ብትለው «ተቀባይ አይደለሁ? የእኔ በር ውጪ ነው» አላት። ፊቱ ባይስቅም ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ ተሳሳቅን።

«ይረሳል?» አለችኝ።

«ምነው በረሳ!» አልኳትና የጨዉን ታሪክ ነገርኳት።

እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ነው የነገረችኝ። የአንጎል በሽታ ነው። ከመርሳት አይጀምርም፤ ለዚያ ነው ሰው የሚስተው። ሕልሙን በእጅ በእግሩ መኖሩ፣ እርምጃው ማጠሩ፣ ፊቱ መፍዘዙ፣ ርቀት መሳቱ፣ አንድ ቀን ብሩህ አንድ ቀን ጭጋግ መሆኑ፣ የሌለ ሰው ማየቱ፣ ሁሉም የአንድ በሽታ እጆች ናቸው። እያደር ይብሳል እንጂ አይድንም፤ ሊቀልለት ግን ይችላል። ያ ሽሮፕ ለእሱ መርዝ ነው።

«ካልጠየቀዎት አይከራከሩት» አለችኝ። «ከጠየቀዎት ግን አይዋሹት። ቤቱን ብርሃን ያድርጉለት። ሲቀርቡት ቀድመው ይናገሩ፣ ስምዎን ይንገሩት፤ ድምፅ ዓይኑን ያግዘዋል። ሰው አያሳጡት፣ እናቴ። ሰው ካጣ ቶሎ ነው የሚወድቀው።»

«ሰው ሊያሳጡት ነው የቀጠሩት እኮ!» አልኩና እሪ ብዬ አለቀስኩ።

የፍርዱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የፊተኛው አግዳሚ ለባለ ባርኔጣዎቹ ተለቅቋል። ሐኪሟ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንድ ወፍራም ሹም መጥቶ ጭኗ ላይ ዘፍ አለባት። ገፍታው ስትወጣ «ይሄ ወንበር ይቆረቁራል» ብሎ ቦታ ቀየረ።

«ተቀባይ ባይለየኝ!» አለ ደረሰህ። «እንግዶቹን ታያቸዋለህ?»

«አያቸዋለሁ። እዚያ ተቀምጠዋል። አንደኛው ጫማውን ሊያወልቅ ነው።»

አዳራሹ እፎይ አለ።

«ስለዚህ አሉ።»

«የሉም።»

«ታያቸዋለህ፣ ግን የሉም?»

«በሽታው እሱ ነው» አለ ባሌ።

ጫጫታው ሲነሳ ብድግ አልኩ። «ሐኪም አለች፤ እሷ ትንገራችሁ!»

ደረሰህ አዳራሹን ቃኘ። «የቷ ሐኪም?»

«ይቺ! አጠገቤ ያለችው!»

«እትዬ ስንዱ፣ አይዞሽ» አለኝ በሐዘን ድምፅ። «የጨነቀው ሰው የሌለ ነገር ያያል።»

ያን ጊዜ ባይለየኝ ወደ እኔ ዞረ። ፍርዱ እስኪነበብ ተቀባዩ እሱ ነው። ዓይኑ ከእኔ ወደ አጠገቤ፣ ካጠገቤ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ሄደ፤ ማንን ማመን እንዳለበት እንዳላወቀ ገባኝ።

«ስንዱ» አለ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አጠገብሽ ያለችው ሴት አለች?»

«አለች።»

«ባለ ባርኔጣዎቹስ?»

ከባልና ሚስት መሐል በሹክሹክታ ያለፈ ቃል ሌላ ነው፤ በአዳራሽ መሐል የተባለ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ቃሉን ካልኩት እኔም ከእሱ ጋር ሰላምታ መነፈጌ ነው። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ። ግን ከጠየቀዎት አይዋሹት ተብያለሁ፤ የጠየቀኝም ባሌ ነው።

«የሉም!» አልኩ። «የሉም፣ የሉም! ኖረውም አያውቁም! እናንተም አንድ ቀን አይታችኋቸው አታውቁም፤ ሐሰት ካልኩ ባርኔጣቸው ላይ ያለውን ላባ መልክ ንገሩኝ!»

አንዱ ከኋላ «ቀይ!» አለ፤ ሌላው «ነጭ!» አለ። ባሌ «ላባ የላቸውም» አለ።

ከዚያ ተነሳ። እግሩን እየጎተተ አዳራሹን አቋረጠ፤ ማንም አላገዘውም፣ ማንም አልከለከለውም። ሐኪሟ ፊት ሲደርስ እጅ ነሳ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ስላስቆምኩሽ ይቅርታ፤ አላየሁሽም ነበር።»

«ወይኔ ጉዴ! ሴት ላይ ነው የተቀመጥኩት!» ብሎ ወፍራሙ ሹም ራሱን ያዘ።

አሁን አለችና ሊሰሟት ግድ ሆነ። ለእኔ የነገረችኝን ደግማ ነገረቻቸው፤ አልጮኸችም፣ ማንንም አልወቀሰችም። ስትጨርስ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ «የእኔም ሰውዬ ተኝቶ ይራገጣል» አለች። «የጠላኝ መስሎኝ አልጋ ለየሁ።» ሌላው የአባቱን እግር መጎተት አነሳ፤ ክብር መስሎት ሲኮራ ከርሟል።

ደረሰህ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እንዲህ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም። «ድመትስ?» አለ።

«ምን አሉኝ?» አለች ሐኪሟ።

«ባለ ባርኔጣ ባይሆን… ድመት ቢሆንስ? እናቴ ድመቶች ታያለች። አላይም ማለት ፈርቼ ወተት እገዛላቸዋለሁ። እንዳይተርፍ ራሴ እጠጣዋለሁ። ወተት አልወድም። ሽሮፑንም እሰጣታለሁ። በየቀኑ። አሁን ከአልጋ አትነሳም።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን አንስታ «ቤትዎ የት ነው?» አለችው። ደረሰህ ከፊቷ እየሮጠ ወጣ፤ እግሩን መጎተት ረስቶት ነበር።

ፍርዱን የቀሩት ሹማምንት በድምፅ ይጨርሱት ተባለ። ይቀጣ ሲባል ባለ ባርኔጣዎቹ አልተቃወሙም። ይማር ሲባልም አልተቃወሙም። ሁለቱም ስላለፈ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። የእኔንም ክህደት ማንም ሳያነሳው ቀረ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ከምክር ቤት የሚያስወጣ ጥፋት አልተገኘባቸውም።

ባይለየኝ ከበሩ ወርዶ ቤት ይውላል። በእሱ ቦታ ማንም አልተሾመም፤ የመጣ ሰው ስሙን ራሱ ይናገራል። እኛ ቤት ደጃፍም እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ ያደረገው ደረሰህ ነው፤ ገና ከአጥሩ «ጋሼ ባይለየኝ፣ ደረሰህ ነኝ! አለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ለአንድ ነገር ጠቀመ። እናቱ ሽሮፑ ከቀረላት በኋላ ተነሥታ ትቀመጣለች፤ ድመቶቹም ደህና ናቸው። አሁን መንደሩ ሁሉ በደጃችን ሲያልፍ ስሙን ይጠራል፤ የአንዳንዱን ስም የሰማሁት ገና አሁን ነው።

እኔም በየጠዋቱ መጋረጃውን ገልጬ «ስንዱ ነኝ፣ አለሁ» እለዋለሁ። ደህና የሆነ ቀን «አውቄሻለሁ፣ ምን ያስጮህሻል» ብሎ ይቆጣኛል። ያልሆነ ቀን ድምፄን ይዞ እስኪደርስብኝ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ትናንት ብዙ ጠበቅኩት። ፊቴን አየ፣ እጄን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«እኔስ?» አለኝ።

እንባዬ መጣ። «አለህ!» አልኩት። «አለህ እንጂ፣ አንተ ደረቅ! የት ትሄድብኛለህ!»

«ካለሁማ ቁርሴን ስጪኝ» አለኝ።